ቧንቧ ውሃ ያለችው የወለጋዋ ምሳ ቤት

ደሴ ውስጥ ሽሮ ቤት ሞልቷል። ይቺን ለይቼ የምጽፍላችሁ ሁለት ወር ሙሉ እየተመላለስኩ ስለበላሁባት ነው። ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ነች። ታፔላ የላትም፣ ስምም የላትም። "የወለጋዋ ቤት" ብላችሁ ጠይቁ፣ ሰፈሩ ያሳያችኋል።

መጀመሪያ ምግቡ። ሽሮው በሸክላ እየተንተከተከ ነው የሚመጣው፤ ወፍራም ነው፣ ነጭ ሽንኩርቱ ይሸታል። በያይነቱም አለ። እኔ ግን የምሄደው ለበቆሎ ቂጣዋ ነው። ትኩሱን ቆራርሳ በቅቤና በበርበሬ ታሸዋለች፣ በጾም ቀን በዘይት። የጦሳ ተራራ ብርድ አጥንት ውስጥ በገባበት ጠዋት ይህን በልቶ ቡና መጠጣት ሌላ ነገር ነው። ሥጋ አትሠራም። ወሎ ውስጥ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ ስለሚለይ አብረን ስንወጣ ሁሌ "የት እንብላ" እንላለን፣ እዚህ ግን ሁላችንም ከአንድ ትሪ እንበላለን።

ባለቤቷን እትዬ ነው የምላት። ወላጆቿ የወሎ ሰዎች ናቸው። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ደርግ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አስፍሮ የለ? በዚያ ነው ወለጋ የገቡት። እሷ እዚያ ተወለደች፣ እዚያ ወለደች፣ ከዚያ ደግሞ ከአራት ልጆቿ ጋር ተፈናቅላ አባቷ ወደተነሳበት አገር ተመለሰች። አባቷ አገሬ የሚለው ምድር ላይ አንድ የምታውቀው ሰው አልነበራትም።

የአክስቴ ልጅ ካናዳ ነው የሚኖረው። እዚያ አዲስ ማመልከቻ መቀበል በ2017 ለጊዜው እስኪቆም ድረስ አምስት ሰዎች ተሰባስበው አንድ የስደተኛ ቤተሰብ ማስመጣት ይችሉ ነበር፤ ቤት ፈልገው ይከራያሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ወጪውን ይችላሉ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያስመዘግባሉ። ሲነግረኝ "ይሄማ ቅሬ ነው" አልኩት፤ ቅሬ ማለት የወሎ ዕድር ነው። እትዬ ድንበር ስላላቋረጠች በሕጉ ስደተኛ አትባልም፣ ተፈናቃይ ነች። ከባዶ መጀመሩ ግን ያው ነው።

እሷ እንደምትለው መጀመሪያ የመጣላት እርዳታ ዱቄትና ልብስ ነበር። አልጠላችውም። አንድ ድርጅት ግን ብርድ ልብስ ሲሰጣት ልጆቿን ደርድሮ ፎቶ አነሳ፣ ትልቋ ልጅ እስካሁን ያንን ቀን ስታነሳ ፊቷ ይለዋወጣል። እባካችሁ፣ የምትረዱ ሰዎች፣ ካሜራውን ተዉት።

ያቋቋማት የሰፈሩ ቅሬ ነው። አከራዩ ዋስ ካላመጣሽ ሲላት የቅሬው ሰብሳቢ ራሳቸው ፈረሙ። ልጆቹ ከነበሩበት ትምህርት ቤት ምንም ወረቀት አልያዙም፤ ሁለት እናቶች ከእሷ ጋር እየሄዱ ለምነው አስመዘገቧቸው። ለሥራ መነሻ ከቅሬው ዕቃ ቤት ትልልቅ ድስቶችና አግዳሚ ወንበሮች በውሰት ሰጧት። አሁንም የምትቀመጡበት አግዳሚ የቅሬው ቁጥር በቀለም ተጽፎበታል። ከሁሉ በላይ ግን የመግቢያውን ገንዘብ ምረው አባል አደረጓት። የማያውቅ ሰው ይሄን ቀላል ነገር ያስመስለዋል። ቅሬ የሌለው ሰው ነገ ቢሞት ማን ይቀብረዋል? "ያን ቀን ነው እዚህ እንደምኖር ያመንኩት" አለችኝ፣ ቡናውን እየቀዳች።

ይህ ሰፈር ራሱ የተረፈው ኖሮት አይደለም። በ2013 ክረምት ከራያና ከወልዲያ የተፈናቀለ ሰው የደሴን ትምህርት ቤቶች ሞልቶ ነበር፣ የቻለ ቤቱ ወስዶ አስጠጋ። ጥቅምት 2014 ላይ ደግሞ ከተማዋ ስትያዝ ሌሎቹን ያስጠጋው ሰው ራሱ ልጁን አዝሎ በእግሩ ወጣ። ኅዳር መጨረሻ ሲመለስ ብዙው ቤቱን ተዘርፎ ነው ያገኘው። እኔም ከወጡት አንዱ ነኝ፣ ሰው ቤት ስትገባ መጀመሪያ "ግቡ፣ ቁጭ በሉ" የሚልህ ሰው አይረሳህም።

ቅሬታዬን ልናገር። ምሳ ሰዓት ላይ ይዘገያል፣ ከስድስት ተኩል በኋላ ከደረሳችሁ ግማሽ ሰዓት ትጠብቃላችሁ። በእንጨት ስለምትሠራ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ መስኮት ቢሰፋላት ጥሩ ነበር። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ እጅ መታጠቢያው አንዳንዴ በጆግ ነው። ዋጋው ግን ፒያሳ ከምንከፍለው ይቀንሳል፣ ቴሌብርም ትቀበላለች፣ ቂጣው ደግሞ ለሁለት ይበቃል።

ቡና ከፈለጋችሁ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሂዱ፣ ያኔ የሰፈሩ እናቶች ስለሚመጡ ጨዋታውም አለ። እሁድ ዝግ ነው። ሌላ ቀን ሄዳችሁ ዝግ ከሆነ አትናደዱ። እኔ ባለፈው ረቡዕ ሄጄ በሩ ተቆልፎ ነበር፣ አግዳሚዎቹም የሉም። ጎረቤት ሞቶ ድስቶቹን ይዛ ለቅሶ ቤት ወጥ እየሠራች ነበር። ዓርብ ከፍታለች።