ለወጣት ተዋናይ የፊት ፎቶ፦ 50 ወይስ 85 ሚሊሜትር ሌንስ?

ዋጋ፦ 50 ኤፍ 1.8 (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ርካሹ ነው፤ 85 ጠንከር ይላል።

ርቀት፦ ዋናው ልዩነት እዚህ ነው። በፉል ፍሬም (ትልቅ ምስል መቅረጫ ሴንሰር ባለው) ካሜራ ፊትና ትከሻ ለማንሳት በ50 አንድ ሜትር ገደማ መጠጋት ግድ ነው፤ አፍንጫ ይገንናል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል። ካሜራ ያልለመደ ጀማሪም ሌንስ አፍንጫው ሥር ሲመጣ መንጋጋው ይጠብቃል። በ85 ወደ 1.7 ሜትር ትርቃላችሁ፤ ፊት ሳይዛባ ይወጣል፣ ጠባብ ሳሎን ውስጥ ግን ጀርባችሁ ግድግዳ ይነካል።

ስጋት፦ 85ን ኤፍ 1.8 ላይ ከፍታችሁ ስታነሱ ፊቱ ትንሽ ዞር ካለ አንዱ ዓይን ጠርቶ ሌላው ይደበዝዛል። 2.8 ወይም 4 አድርጉት፤ ሹተሩም (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ከ1/200 ሰከንድ አይዘግይ።

ለካስቲንግ (ለተዋናይ ምርጫ) የሚላክ ከሆነ 85። እጁን፣ ክፍሉን፣ የያዘውን ስክሪፕት ጭምር ለማሳየት 50። ካሜራችሁ ኤፒኤስ-ሲ (ሴንሰሩ ከፉል ፍሬም ያነሰ) ከሆነ 85 ለመግዛት አትቸኩሉ፤ 50 ራሱ እንደ 75 ወይም 80 ያነሳል።