ለጠበቆች የተዘጋጀ የአሜሪካ የባንክ ቁጥጥር ሕግ መግቢያ ሥልጠና፦ ምን ይሰጣል፣ ምን ይጎድለዋል?

ይህ የስድስት ሰዓት የቪዲዮ ሥልጠና በውል፣ በክርክር ወይም በኩባንያ ሕግ ሲሠሩ ቆይተው ባንክ ደንበኛ የሆነላቸውን የአሜሪካ ጠበቆች ታሳቢ ያደረገ ነው። ደጎስ ያለ ማስታወሻም አብሮት ይሰጣል። ለወጣበት ገንዘብ የሚያስቆጭ አይደለም። ነገር ግን ጠበቃው ራሱ ሊጠየቅበት የሚችለውን ጉዳይ ዘሎታል፤ ይህ ደግሞ ትንሽ ክፍተት አይደለም።

አጀማመሩ ትክክል ነው። ከካፒታል ስሌት ሳይሆን ባንኩ ቻርተሩን (የመቋቋሚያ ፈቃዱን) ከማን አገኘ ከሚለው ጥያቄ ይነሳል። ብሔራዊ ባንክ (ቻርተሩ የፌዴራል የሆነ) ከሆነ ተቆጣጣሪው ኦሲሲ የተባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው። የክፍለ ግዛት ባንክ ከሆነ ከክፍለ ግዛቱ ተቆጣጣሪ ሌላ፣ የፌዴራል ሪዘርቭ (የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ) አባል ሲሆን ፌዴራል ሪዘርቭ፣ አባል ሳይሆን ሲቀር የተቀማጭ ገንዘብ ዋስትና ሰጪው ኤፍዲአይሲ ይቆጣጠረዋል። ከበላዩ ያለው ሆልዲንግ ኩባንያ (የባንኩ ባለቤት የሆነው ኩባንያ) ግን የባንኩ ቻርተር የየትም ቢሆን ተጠሪነቱ ለፌዴራል ሪዘርቭ ነው። ይህን ሳያጣሩ የብሔራዊ ባንክን ደንብ ጠቅሶ ለክፍለ ግዛት ባንክ አስተያየት መጻፍ የጀማሪዎች የተለመደ ስህተት ነው።

የሥልጠናው ምርጥ ክፍል የብድር ጣሪያው ነው። ብሔራዊ ባንክ ለአንድ ተበዳሪ ከካፒታሉና ከመጠባበቂያው 15 በመቶ በላይ ማበደር አይችልም፤ በቀላሉ በገበያ የሚሸጥ መያዣ ካለ 10 በመቶ ይጨመርለታል። ካፒታሉና መጠባበቂያው 200 ሚሊዮን ዶላር ከሆነ ጣሪያው 30 ሚሊዮን፣ ጭማሪው 20 ሚሊዮን ነው። መያዣው ከጣሪያው ያለፈውን ገንዘብ ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት፤ ሕንፃና መሬት ግን እዚህ አይሠራም። ችግሩ የሚመጣው ሁለት ተበዳሪዎች እንደ አንድ ሲቆጠሩ ነው። ባንኩ ለአንድ ኩባንያ 25 ሚሊዮን፣ ለሌላው 10 ሚሊዮን አበደረ እንበል። ሁለተኛው ገንዘቡን እንደተቀበለ ለመጀመሪያው ካስተላለፈው ብድሩ በመጀመሪያው ላይ ተደምሮ 35 ሚሊዮን ይሆናል፤ ጣሪያው ተጣሰ። ገንዘቡ የተከፈለው በእውነተኛ የገበያ ግብይት ለተገዛ ዕቃ ወይም አገልግሎት ከሆነ ግን አይደመርም። ስለዚህ ደረሰኙና የክፍያው ማስረጃ በብድር ፋይሉ ውስጥ መኖር አለባቸው፤ አሠልጣኞቹ ይህን አስረግጠው መናገራቸው ያስመሰግናቸዋል።

ባንኩ ከሆልዲንግ ኩባንያውና ከእህት ኩባንያዎቹ ጋር ስለሚያደርገው ግብይትም ጥሩ ተሠርቷል። ከባንኩ ካፒታልና መጠባበቂያ ለአንዱ እህት ኩባንያ 10 በመቶ፣ ለሁሉም ተደምሮ 20 በመቶ የሚለው ገደብ ብዙ ሰው ያውቀዋል። የሚረሳው መያዣው ነው፦ የአሜሪካ መንግሥት ሰነድ ከሆነ የብድሩን 100 በመቶ፣ የክፍለ ግዛት ሰነድ ከሆነ 110፣ ሌላ የዕዳ ሰነድ ከሆነ 120፣ አክሲዮን ወይም ሌላ ንብረት ከሆነ 130 በመቶ መሸፈን አለበት። የእህት ኩባንያው የራሱ አክሲዮን ጨርሶ መያዣ አይሆንም።

የባንክ መውደቅን የሚመለከተው ክፍል ሲሊከን ቫሊ ባንክ እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2023 በተዘጋበት ሁኔታ ላይ ብዙ ጊዜ ያጠፋል። ለጠበቃ የሚበጀው ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው የቀን ቆጠራ ነው። ኤፍዲአይሲ የወደቀው ባንክ ተረካቢ ሲሆን ባለመብቶች ጥያቄያቸውን የሚያቀርቡበት ቀነ ገደብ ማስታወቂያው ከወጣ ቢያንስ 90 ቀን ይሆናል፤ ተረካቢው ለመወሰን 180 ቀን አለው፤ ውድቅ ካደረገ ደግሞ ክስ የሚመሠረተው በ60 ቀን ውስጥ ነው። ከባንኩ ኃላፊ ጋር በቃል የተደረገ ስምምነት ተረካቢው ላይ አይሠራም። የጎንዮሽ ስምምነት ለመጽናት በጽሑፍ መሆን፣ ከብድሩ ጋር በአንድ ጊዜ መፈረም፣ በቦርዱ ወይም በብድር ኮሚቴው መጽደቁ በቃለ ጉባኤ መስፈርና ከተፈረመበት ጊዜ ጀምሮ ሳይቋረጥ የባንኩ መዝገብ ሆኖ መቆየት አለበት። አንዱ ከጎደለ ስምምነቱ ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ ጎደለው እንምጣ። የምርመራ ሪፖርት፣ የካሜልስ ደረጃ (ተቆጣጣሪው ለባንኩ ጤንነት የሚሰጠው ነጥብ)፣ ተቆጣጣሪው ያስተካክሉ ብሎ የጻፈው ነጥብ፣ እነዚህ ሁሉ በባንኩ እጅ ቢገኙም ንብረትነታቸው የተቆጣጣሪው ነው። ባንኩ ሊገዛው ለመጣ ኩባንያ ያለ ፈቃድ ቢያሳያቸው ደንብ ይጥሳል። የግዢ ውሉ ላይ «ተቆጣጣሪው ያነሳብን ያልተፈታ ጉዳይ የለም» የሚል ማረጋገጫ መስጠት እንኳ ምስጢሩን ያወጣል፤ ስለዚህ ማንኛውም ወገን የቁጥጥር ምስጢር እንዲገልጽ አይገደድም የሚል አንቀጽ በውሉ መግባት አለበት። ከውጭ የተቀጠረ ጠበቃም ቢሆን የፌዴራል ሪዘርቭን ምስጢር ከማየቱ በፊት መረጃውን ለተቀጠረበት ሥራ ብቻ እንደሚጠቀም በቅጥር ውሉ መስማማት አለበት። በስድስት ሰዓት ውስጥ ለዚህ የተሰጠው ጊዜ አራት ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

ስለ ጠበቃው የግል ኃላፊነት ደግሞ አንድም ቃል የለም። ሕጉ እያወቀ ወይም በግዴለሽነት በሕግ ጥሰት ወይም በአደገኛ የባንክ አሠራር ተሳትፎ ባንኩን ከቀላል ያለፈ ኪሳራ ላይ የጣለን የውጭ ጠበቃ ከባንኩ ሰዎች እንደ አንዱ ይቆጥረዋል፤ የገንዘብ ቅጣትና ከባንክ ሥራ የማገድ እርምጃ ሊከተል ይችላል። ይህን ለጠበቆች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ አለማንሳት ከባድ ግድፈት ነው።

ቀረጻውም አርጅቷል። ፍርድ ቤቶች አሻሚ ሕግን ተቆጣጣሪው በተረጎመው መንገድ ይቀበላሉ ይላል፤ ይህ አቋም በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሎፐር ብራይት ውሳኔ እ.ኤ.አ. በጁን 2024 ተሽሯል። የክፍለ ግዛት ሕግ በብሔራዊ ባንኮች ላይ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው ክፍልም ፍርድ ቤቱ በዚያው ዓመት በዚሁ ጥያቄ ላይ ከሰጠው የካንቴሮ ውሳኔ ጋር አብሮ መነበብ አለበት።

ሥልጠናውን ለሚወስድ ሰው ምክራችን፦ የመጀመሪያውን ሰዓትና የብድር ጣሪያውን ክፍል ሳያሳልፉ ይከታተሉ፤ ምሳሌዎቹን ቪዲዮውን አቁመው በወረቀት ያስሉ። የካፒታሉን ክፍል ማስታወሻው ላይ ማንበብ ይበቃል። የመጀመሪያው የባንክ ፋይል ጠረጴዛ ላይ ከመድረሱ በፊት ግን የሦስቱን ተቆጣጣሪዎች የምስጢር ደንብ ለየብቻ ያንብቡ፤ ማን ምን ማየት እንደሚችል የሚደነግጉት በተለያየ መንገድ ነው።