የስም ጥልፍ በባሕር ዳር፦ አዲስ ስም ይዛችሁ ስትሄዱ

ባሕር ዳር፣ ገበያው ዳር ያለው ይህ የጥልፍ ቤት ለክርስትና በሚሆን የሕፃን ነጠላ ላይ ስም ሲጠልፍ ሥራው ንጹሕ ነው። ክሩ አይለቅም፣ ጀርባውም አልተዝረከረከም። አንተነህ፣ እንየው፣ ይበልጣል ለሚል ስም ሳትሰጉ ስጧቸው፤ ጠላፊው የሚያውቀው ስም ስለሆነ የተዛባ ፊደል ቢደርሰው እንኳ ራሱ ያቃናዋል። በአዲስ ስም ግን የሚያቃናበት ነገር የለውም።

ስም በመፍጠር ኩባውያን የታወቁ ናቸው። ዮቱኤል የሚሉት ስም ሦስት ተውላጠ ስም ነው፦ ዮ እኔ፣ ቱ አንተ፣ ኤል እሱ። ልጁን አንተነህ ለሚል ጎጃሜ ይህ ቅርብ ነው። በፈረንጆች 2004 በአቴንስ ኦሎምፒክ በቦክስ ወርቅ ያገኘው ኦድላኒየር ሶሊስ ደግሞ የመጠሪያ ስሙ ሬይናልዶ ከኋላ ወደ ፊት ሲጻፍ ነው። ይህን ዘዴ የምትወዱ ወላጆች ግን ተጠንቀቁ። የላቲኑ ፊደል አንድ በአንድ ይገለበጣል፤ በእኛ ፊደል ድምፁ ከነአናባቢው ስለሚዞር ሬይናልዶ «ዶልናይሬ» ይሆናል። ሰላምን ብትገለብጡት «ምላሰ» ነው፤ ምላስ ብሎ የሚያነበው አይጠፋም። በየትኛው ፊደል እንደምትገለብጡ ሳትወስኑ አትዘዙ።

ፊደሉ ቢያንስ 2 ሳንቲም ሜትር ቁመት ይኑረው። ሲያንስ የ«ሬ» ቀለበት በክር ይደፈንና «ሪ» ይመስላል፤ «ሌ»ም እንዲሁ «ሊ» ይሆናል። ነጠላውን አስቀድማችሁ እጠቡት። ጥጡ በመጀመሪያው እጥበት ሲሰበሰብ ሰው ሠራሽ ክሩ አይሰበሰብም፤ በስሙ ዙሪያ የሚሸበሸበው በዚህ ነው። ከሥር የሚገባው ጠንካራ ገበር የሕፃኑን ቆዳ ስለሚፍቅ፣ በላዩ ለስላሳ ጨርቅ እንዲሰፉበት ጠይቁ፤ ካልተጠየቁ አያደርጉትም።

የማንወድላቸው ነገር፣ ስም በስልክ መቀበላቸውን ነው። በጆሮ ብቻ የመጣ አዲስ ስም «ጠ» ይሁን «ጸ»፣ «ቀ» ይሁን «ከ» በግምት ይጻፋል። በወረቀት ላይ በትልቁ ጽፋችሁ ስጡ፤ መርፌው ከመጀመሩ በፊት በጨርቁ ላይ በጠመኔ ያስምሩላችሁ፣ እናንተም ከወረቀቱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩት። ለወንድ 40ኛው፣ ለሴት 80ኛው ቀን ከመድረሱ ሳምንት አስቀድማችሁ ውሰዱት። የተሳሳተ ጥልፍ ሊፈታ ይችላል፤ በስስ ነጠላ ላይ ግን የመርፌው ቀዳዳ ስለሚቀር አዲሱን ስም ሌላ ጫፍ ላይ ማስጠለፍ ግድ ይሆናል።