ትንሽ አውቶማቲክ ስቴሽን ዋገን፦ ከዓመት በላይ ስነዳት ያየሁት

መኪና ሲገዛ አብዛኛው ሰው ቀድሞ የሚያየው ፊቷን ነው። መብራቷን፣ ኮፈኗን፣ ዳሽቦርዷን። የስቴሽን ዋገን (ጣራዋ እስከ ኋላ በር የተዘረጋ መኪና) ጥቅም ግን ያለው ከኋላ ወንበር ጀርባ ነው። ከዓመት በላይ ነድቻታለሁ፤ ሰው ስለ እሷ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምከፍትለት የኋላውን በር ነው።

የኔዋ ባለ 1.5 ሊትር ቤንዚን ናት። ካምቢዮዋ ሲቪቲ የሚባለው አውቶማቲክ ነው፤ የሚጎትቷትም የፊት ጎማዎቿ ናቸው። ስገዛት ያገለገለች ነበረች። ሞዴሏን አልጠራም፤ የምለው አብዛኛው ነገር በዚህ መጠን ላለ ዋገን ሁሉ ይሠራል። ሁለት ልጆች አሉን፣ እናቴም ብዙ ጊዜ አብራን ናት። ስለዚህ ይቺ መኪና ባዶዋን የምትሄደው ከስንት አንዴ ነው።

ከጭነቱ ልጀምር። የኋላ በሯ ሲከፈት ከፓራውልቱ በላይ ምንም የሚያግድ ነገር የለም። ወለሉ ከበሩ አፍ ጋር እኩል ነው፤ ከፍታውም ከጉልበቴ ብዙ አያልፍም። ከባድ ሻንጣ ሲኖር ጫፉን አስደግፎ ወደ ውስጥ መግፋት ነው፣ በቃ። ሴዳን (የእቃ ክፍሏ ለብቻ የተዘጋ መኪና) ላይ ያንኑ ሻንጣ ከፍ አድርጎ ማንሳት፣ ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ማውረድ አለ። ሲወጣ ደግሞ ጎንበስ ብሎ መጎተት። ወገቡን የሚያመው ሰው ልዩነቱን በመጀመሪያው ቀን ያውቀዋል። ረጃጅሞቹ ኤስዩቪዎችም ቢሆኑ ወለላቸው ከፍ ስለሚል እቃውን ወደ ላይ ማንሳት ግድ ነው።

የኋላ ወንበሯ 60 ለ 40 ተከፍሎ ይታጠፋል። ሻጮች ይህን በአንድ ቃል ጠቅሰውት ያልፋሉ፤ ለቤተሰብ ግን ትልቅ ነገር ነው። አንዴ የተፈታ አልጋ ጫንባት። ጠባቡን ክፍል አጠፍኩት፤ ከፊቱ ያለውን የተሳፋሪ ወንበርም ወደ ፊት ገፋሁት። ረጃጅሞቹ የአልጋ ጎኖች በብርድ ልብስ ተጠቅልለው በዚያ በኩል ገቡ፤ በሩም ያለ ገመድ ግጥም ብሎ ተዘጋ። በሌላው በኩል ትንሿ ልጄ መቀመጫዋ ላይ እንደታሰረች ናት፤ ወንድሟም አጠገቧ። የጭነት መኪና መጥራት አላስፈለገም።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ አለ። ዋገን ውስጥ ሰውና እቃ የሚሳፈሩት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደች ድንገት ብትጋጭ፣ ያልታሰረ እቃ በዚያው ፍጥነት ወደ ፊት መሄዱን ይቀጥላል። ፊቱ ያሉት ደግሞ ልጆቼ ናቸው። ስለዚህ ከባዱን ሁልጊዜ ታች፣ ወንበሩን አስደግፌ አስቀምጣለሁ። ከወንበሩ ጫፍ በላይ አልቆልልም። ወለሉ ጠርዝ ላይ እቃ ማሰሪያ የብረት ቀለበቶች አሉ፤ ምንጣፍ ሸፍኗቸው ስለሚውል ብዙ ዋገን ያላቸው ሰዎች መኖራቸውን አያውቁም። ፈልጓቸው።

ጭነት ሲበዛ ኋላዋ ዝቅ ይላል፤ ፊቷ ደግሞ ቀና። ያኔ የፊት መብራቷ መንገዱን ከማብራት ይልቅ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ይወጋል። ከመሪው ጎን ከ0 እስከ 3 የተጻፈባት ትንሽ ማዞሪያ አለች፤ ሥራዋ ይኸው ነው። ጭነት ሲኖር ቁጥሩን ከፍ ሳደርገው መብራቱ ዝቅ ይላል። ለጎማ ንፋስም የሹፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ ነው የማየው። ለሙሉ ጭነት የተለየ ቁጥር አለው።

ካምቢዮዋን ለመልመድ ትንሽ ጊዜ ያስፈልጋል። ሲቪቲ እንደ ተራው አውቶማቲክ 4 ወይም 6 ማርሽ ብሎ ነገር የለውም። ሁለት ፑሊዎች (ቀበቶ የሚዞርባቸው ክብ ብረቶች) አሉ፤ በመካከላቸው የብረት ቀበቶ ይዞራል። ፑሊዎቹ ጠበብ ሰፋ ሲሉ ቀበቶው ወደ ዳር ወይም ወደ መሐል ይሄዳል፤ ማርሹም ሳይቋረጥ ይቀየራል። ሐሳቡ የቆየ ነው። የኔዘርላንዱ መኪና ሠሪ ዳፍ እ.ኤ.አ. በ1958 ባቀረባት ትንሽ መኪና ላይ በጎማ ቀበቶ ሠርቶታል።

ማንዋል የለመደ ሰው መጀመሪያ ግር ይለዋል። ነዳጅ ሲረገጥ የሞተሩ ድምፅ ወዲያው ከፍ ይልና እዚያው ላይ ይቆያል። ፍጥነቱ ከኋላ ይከተላል። ይህን ሲሰሙ «ካምቢዮው እየሸሸ ነው» ያሉኝ ሰዎች አሉ። አይደለም። ሞተሩን ለሚፈለገው ጉልበት በሚስማማው ዙር ላይ ማቆየት የሲቪቲ ተፈጥሮ ነው። ፔዳሉን በስሱ ከተጫንኩት ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ዙር አካባቢ ላይ ሆኖ መኪናዋ ያለ ምንም መንገጫገጭ ትፈጥናለች። እስከ ወለሉ ስረግጠው ጩኸቱ ይጨምራል፣ የማተርፈው ፍጥነት ግን ትንሽ ነው። ሙሉ ሰው ጭና ዳገት ስትወጣ ይህ ድምፅ ይሰለቻል፤ ለመቅደም ሲታሰብም አስቀድሞ ማቀድ ይጠይቃል። 1.5 ሊትር ሞተር ከዚህ በላይ አይሰጥም።

መንገድ ሲጨናነቅ ግን ይቺን ካምቢዮ በምንም አልቀይራትም። ፍሬኑን ለቀቅ ሳደርግ ራሷ ቀስ ብላ ትሄዳለች። ፍሪሲዮን መርገጥ፣ መልቀቅ፣ እንደገና መርገጥ የለም። ኋላ ወንበር ላይ የተኛ ልጅ አይነቃም። ባለቤቴ ድሮ መኪና በሚበዛበት ሰዓት መንዳት አትወድም ነበር፤ አሁን ቁልፉን ቀድማ የምታነሳው እሷ ናት።

ረጅም ቁልቁለት ላይ ማርሹን ዲ (የተለመደው ወደ ፊት መሄጃ) ላይ ትቼ ፍሬን ብቻ አልይዝም። እንዲያ ሲደረግ ፍሬኑ ይግላል፤ ሲግል ደግሞ መያዙ ይደክማል። ማርሹን ወደ ኤስ አወርደዋለሁ፤ በአንዳንድ መኪና ቢ ወይም ኤል ይባላል። ሞተሩ ራሱ መኪናዋን ይይዛታል። ተዳፋት ላይ ስቆም ደግሞ ቅደም ተከተል አለኝ። በእግር ፍሬን እንደያዝኩ የእጅ ፍሬኑን እስባለሁ፣ ኤን (ነፃ) ላይ አድርጌ እግሬን ለቀቅ አደርጋለሁ፣ መኪናዋ በእጅ ፍሬኑ ስትረጋ ፒ (ማቆሚያው) ላይ አስገባለሁ። ፒ ላይ መኪናዋን የሚይዘው ካምቢዮው ውስጥ ያለ አንድ ትንሽ የብረት ምላስ ነው። የመኪናውን ክብደት ሁሉ እሱ ላይ መጣል ደግ አይደለም። ወደ ኋላ ለመሄድም ጎማው ሙሉ በሙሉ ሳይቆም አር አይገባም።

ስለ ካምቢዮ ዘይት ትንሽ ልቆይ፤ ለሲቪቲ ሞቱም ዕድሜውም እዚያ ነው። አንድ ጋራዥ «ይሄ ዘይት ዕድሜ ልክ ነው፣ አይነካም» አለኝ። የመኪናዋ መጽሐፍ ግን ብዙ ጊዜ እየጫነ ወይም እየቆመ እየሄደ ለሚነዳ ሰው ቶሎ እንዲቀየር ይላል። ያ ሰው እኔ ነኝ። ሌላ ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ ለተራ አውቶማቲክ የሚሆነውን ዘይት ጣሳ ከፍቶ ጠበቀኝ። አስቆምኩት። የሲቪቲ ዘይት ሌላ ነው፤ ቀበቶው ፑሊውን የሚይዘው ብረት ለብረት ተጣብቆ ስለሆነ፣ ሳያንሸራትት የሚያለሰልስ ዘይት ይፈልጋል። ተራውን ከሞሉበት ቀበቶው ይንሸራተታል፣ ፑሊውን ይቧጥጠዋል፣ ከዚያ ጥገናው ካምቢዮ መቀየር ነው።

ትክክለኛውን ይዤ ሄጄ እዚያው ቆሜ አስቀየርኩ። የወጣው ዘይት ጠቁሯል፣ የማረር ሽታ ግን የለውም። የታችኛው ሳህን ሲወርድ ማግኔቶቹ ላይ እንደ ቅባት የለሰለሰ ግራጫ ዝቃጭ ተጣብቋል። መካኒኩ በጣቱ አሸት አሸት አድርጎ አሳየኝ። ለስላሳ ከሆነ የተለመደው ብናኝ ነው፤ ጣት የሚወጋ ስብርባሪ ቢገኝ ነበር ጉዱ። አዲሱ ከተሞላ በኋላም ልኬቱ በግምት አይወሰድም። በብዙዎቹ ሲቪቲዎች መለኪያ ዘንግ የለም፤ ዘይቱ መጽሐፉ ላይ የተጻፈው ሙቀት ላይ ሲደርስ የትርፍ ዘይት መውጫው ቡሽ ተከፍቶ ትርፉ እንዲንጠባጠብ ይደረጋል። ይህን የማያውቅ ሰው ካምቢዮዋን ባይነካት ይሻላል።

የማልወድላት ነገሮችም አሉ። የጭነት ክፍሉ ክፍት ስለሆነ የኋላ ጎማ ድምፅ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በፍጥነት ስትሄድ የኋላ ተሳፋሪዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው የሚያወሩት። የኋላ መስታወቷም ቶሎ ይቆሽሻል። ጀርባዋ ቀጥ ያለ ስለሆነ ነፋሱ እዚያ ይሽከረከርና አቧራውንም ጭቃውንም ይለጥፍበታል። የኋላ ዝናብ መጥረጊያ የሌላት ዋገን አትግዙ። እናቴ ደግሞ መግባት አይከብዳትም፤ መውረድ ነው። ወንበሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጉልበቷን ያማታል፣ እጇን ይዤ አስነሳታለሁ። ሁልጊዜ አዛውንት ለሚያጓጉዝ ሰው ከፍ ያለ መኪና ይሻላል፤ ይህን ሳልሸፋፍን ነው የምናገረው።

ነዳጅ ላይ አላማርርም። ከተማ ውስጥ በሊትር 11 ወይም 12 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ ረጅም መንገድ ላይ በእርጋታ ከተነዳች 15 ትደርሳለች። ጣራዋ ላይ የእቃ መጫኛ ሲታሰር ግን ይህ ቁጥር ይወርዳል። ካልተጠቀምኩበት ወዲያው ነው የማወርደው።

ያገለገለች ለመግዛት የምታስቡ ሞተሯ ሳይሞቅ ሂዱ። ባለቤቱ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። ፍሬን ይዛችሁ ከፒ ወደ አር፣ ከአር ወደ ዲ አስገቡ፤ ብዙ ሳትዘገይና ሳትደነግጥ መያዝ አለባት። ከዚያ ከ20 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት ነዳጁን በስሱ ይዛችሁ ንዱ። እዚያ ላይ መንቀጥቀጥ ከተሰማችሁ፣ ወይም ከፍጥነት ጋር አብሮ የሚጨምር የፉጨት ድምፅ ካለ፣ ቀለሟ ቢያምርም ተዉአት። ከሌለ የካምቢዮ ዘይቷ መቼና በምን ዓይነት ዘይት እንደተቀየረ ደረሰኝ ጠይቁ። ከዚያ የኋላውን በር ክፈቱ፣ ምንጣፉን አንሱና የተለዋጭ ጎማውን ጉድጓድ እዩ። ዝገት፣ የቆመ ውኃ ወይም የተጨማደደ ብረት ካለ ከኋላ ተገጭታ ነበር ማለት ነው፣ ወይም የበሩ ጎሚኒ ውኃ ያስገባል።