ፓወር ሳፕላይ፦ ቀላሉ አዲስ ወይስ ከባዱ አሮጌ?

ሰሞኑን መብራት ሄዶ ሲመለስ የቢሮዬ ዴስክቶፕ ጭጭ አለ። ጠጋኙ ከፍቶ አሸተተና «ፓወር ሳፕላዩ ነው» አለኝ፤ የሶኬቱን መብራት ለኮምፒውተሩ በሚስማማ ቮልት ቀይሮ የሚያድለው ሳጥን ማለቱ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ልጅ ሁለት አወጣልኝ። አንዱ ከካርቶኑ ያልወጣ አዲስ ነው። የአምራቹን ስም ሰምቼው አላውቅም፤ ጎኑ ላይ ግን «500 ዋት» የሚል በጉልህ ተለጥፏል። ሌላው ከዴል ኮምፒውተር የወጣ፣ ሪፈርቢሽድ (ታድሶ የሚሸጥ) የተባለ፣ 290 ዋት።

«ጋሼ፣ ዋጋቸው ብዙም አይራራቅም፤ አዲሱን ይውሰዱ» አለኝ።

በሁለት እጄ መዘንኳቸው። አዲሱ ባዶ ጣሳ ይመስላል። አሮጌው እጅ ያወርዳል። ክብደት ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ግን ትራንስፎርመሩም፣ የመዳብ ጥቅሉም፣ ሙቀት የሚያስወጣው አሉሚኒየምም ይመዝናሉ። በጣም ከቀለለ ከውስጡ የተቆጠበ ነገር አለ።

ከዚያ ተለጣፊውን አነበብኩ። የዛሬ ኮምፒውተር አብዛኛውን ኃይል የሚስበው ከ12 ቮልቱ መስመር ነው። እዚያ የተጻፈውን አምፔር በ12 ማባዛት ነው። አዲሱ 18 አምፔር ይላል፤ 216 ዋት መጣ። 500ው የት ገባ? ልጁም ሳቀ።

የኔን ጉዳይ የቆረጠው ግን ሌላ ነው። ማሽኔ የዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ነው። ዋናው መሰኪያው 8 ፒን (ጥርስ) ሲሆን የተለመደው አዲስ ፓወር ሳፕላይ የሚመጣው በ24 ፒን ነው። ማገናኛ ገመድ ካልተገኘ አዲሱ አይሰካም። እንዲህ ያሉ የዴልና የኤችፒ የቢሮ ማሽኖች ላላችሁ አሮጌው አማራጭ ብቻ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ብቸኛው መንገድ ነው።

ማሽናችሁ ባለ 24 ፒን ከሆነ «ሪፈርቢሽድ» የሚለውን ቃል መርምሩት። እኛ ጋ አቧራው የተነፋለት ሁሉ ሪፈርቢሽድ ነው። «ምኑ ተቀየረ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካፓሲተሮቹ (ቻርጅ የሚይዙት ትንንሽ ሲሊንደሮች) ተቀይረው ከሆነ ጥሩ፤ ሙቀትና ዕድሜ ቀድመው የሚያደርቁት እነሱን ነው። «ተጸድቷል» ካላችሁ ያገለገለ ነውና ባገለገለ ዕቃ ዋጋ ተደራደሩ። የስልካችሁን መብራት በማራገቢያው ወንፊት በኩል አብሩበት። አናቱ ያበጠ ወይም ቡናማ ነገር ያንጠባጠበ ካፓሲተር ካያችሁ ቻው በሉት። ራሳችሁ ግን እንዳትከፍቱት፤ ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ሰው የሚጎዳ ቻርጅ ሊኖር ይችላል።

ከኋላው ትንሽ ቀይ የቮልት መምረጫ ያለው አሮጌ ካጋጠማችሁ ቁጥሩን እዩ። 115 ላይ ሆኖ በኛ 220 ቮልት ከተሰካ ጧ ነው የሚለው።

ብዙ ሻጭ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር አገናኝቶ ማራገቢያዋን ያሽከረክርና «ይሠራል!» ይላል። እሱ መነሳቱን እንጂ ጭነት መቻሉን አያሳይም። ኮምፒውተር ላይ ተገጥሞ ግማሽ ሰዓት ይሥራ። እየሠራ በቴስተር ሲለካ 12 ቮልቱ ከ11.4 እስከ 12.6 መሃል መቆየት አለበት።

ስሙ የታወቀ፣ ዋስትና ያለው አዲስስ? ብር ካለ እሱን የሚያህል የለም። ለጌም ትልቅ ግራፊክስ ካርድ የገጠመ ሰው ደግሞ ከዚህ ሌላ ባያስብ ይሻለዋል። በአሮጌ ፓወር ሳፕላይ ውድ ካርድ ማስነሳት እኔን አይመቸኝም። ስም የለሹን 500 ዋት ግን ለማንም አልመክርም፣ ለቢሮ ማሽንም ቢሆን።

እኔ የዴሉን ወሰድኩ። ልጁ ጠረጴዛው ላይ ካለ ማሽን ጋር ገጠመው፤ እኔ ማኪያቶ ጠጥቼ ተመለስኩ። ቴስተሩ 12.1 አለ። «የአንድ ወር ዋስትና ደረሰኙ ላይ ጻፍልኝ» ስለው ትንሽ አንገራገረ። ከዚያ ጻፈልኝ።