«አንዴ ረጭተን ለዓመት እንገላግላችኋለን» ለሚሏችሁ ከመክፈላችሁ በፊት

በባህር ዳር ሆቴል፣ ካፌ፣ ዳቦ ቤት ወይም ፎቅ ላይ የኪራይ ሱቅ ያላችሁ ሁሉ ይህን አንብቡ፤ ለጎረቤታችሁም አሳዩ። «በረሮ እናጠፋለን» እየተባለ የሚሸጥ አንድ ዓይነት ስራ አለ፤ ገንዘቡን ይወስዳል፣ በረሮውን ግን እዚያው ይተዋል። ምልክቱ ቀላል ነው። ሰውየው በር ላይ ቆሞ ዋጋ ይናገራል፣ ፍሪጁን ሳያስጠጋ፣ ሲንኩ ስር ሳይጎነበስ ሙሉ ክፍያውን በቅድሚያ ይጠይቃል። ማታ ወጥ ቤቱ ሲዘጋ ጀርባው ላይ ባዘለው የእርሻ መርጫ ወለሉንና ግድግዳውን አርሶ ይሄዳል። ጠዋት የተገለበጠ በረሮ በአካፋ ይታፈሳል፤ ባለቤቱም የተገላገለ ይመስለዋል።

የታፈሰው በዚያች ሌሊት ለመብል የወጣው ብቻ ነው። አብዛኛው መንጋ ስንጥቅ ውስጥ ነው ያለው፤ የሚበዙትም ገና ክንፍ ያላወጡት ጫጩቶች ናቸው። ወጥ ቤት የሚወረው ትንሹ በረሮ እንስቷ የእንቁላል ከረጢቷን ከኋላዋ ተሸክማ ትዞራለች፤ በአንዱ ከረጢት ውስጥ ከ30 እስከ 40 እንቁላል አለ። የከረጢቱ ቆዳ መድኃኒት አያስገባም። እናቲቱ ብትሞት እንኳ ሊፈለፈል የተቃረበ ከረጢት ይፈለፈላል። እንቁላሉ ለመፈልፈል 3 ወይም 4 ሳምንት ይፈጃል፣ ጫጩቱ አድጎ ራሱ ለመራባት ደግሞ ወደ 2 ወር ገደማ። እንግዲህ «የ30 ቀን ዋስትና» የሚል ወረቀት ሲሰጣችሁ አስሉት። ዋስትናው የሚያልቀው አዲሱ ትውልድ ከስንጥቅ ወጥቶ ከመታየቱ በፊት ነው። በሁለተኛው ወር ስትደውሉ ሌላ ርጭት፣ ሌላ ክፍያ ይሆናል።

በዚህ ላይ ብዙዎቹ የሚረጩት ሳይፐርሜትሪንና ዴልታሜትሪን ያሉበት ፓይረትሮይድ የሚባል ወገን ነው። ትንሹ በረሮ ይህን መድኃኒት በብዙ አገር ተላምዶታል። የማይገድለው ሲሆን ያባርረዋል፤ ከወጥ ቤቱ ወደ ኮርኒስ፣ በኤሌክትሪክ ቱቦ ወደ ላይኛው ፎቅ፣ በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ጎረቤት ካፌ ይበተናል። አንድ ቦታ የነበረው ችግር አምስት ቦታ ይሆናል። በቆርቆሮ የሚመጣው የጭስ ዓይነትም ከዚህ አይሻልም፤ ጭሱ አየር ላይ ተንሳፍፎ ወለል ላይ ያርፋል እንጂ ስንጥቅ ውስጥ አይገባም። የሚገፋው ጋዝ ተቀጣጣይ በመሆኑም ምድጃ ባልጠፋበት ቤት እሳት ያስነሳል።

ላለመታለል መጀመሪያ ያላችሁ የትኛው በረሮ እንደሆነ እወቁ። ሻጩ ይህን ካልጠየቃችሁ ስራውን አያውቀውም ማለት ነው።

የጀርመን በረሮ የሚባለው ትንሹ ነው። ርዝመቱ ከ13 እስከ 16 ሚሊ ሜትር፣ መልኩ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ሲሆን ከጭንቅላቱ ኋላ ጎን ለጎን የተሰመሩ ሁለት ጥቁር መስመሮች አሉት። ክንፍ ቢኖረውም አይበርም ማለት ይቻላል። ሙቀት፣ እርጥበትና ጠባብ ቦታ ይወዳል፤ ያደገው 5 ሚሊ ሜትር በሆነ ስንጥቅ ውስጥ ጀርባውና ሆዱ ሲነካለት ነው የሚደላው፣ ትንንሾቹ ደግሞ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች በሆነ ይገባሉ። ስለዚህ የምታገኙት በማኪያቶ ማሽኑ ሆድ ውስጥ፣ በፍሪጁ በር ጎማ እጥፋት፣ በኮምፕረሰሩ ዙሪያ፣ በቁም ሳጥን ማጠፊያ፣ በሲንኩና በግድግዳው መካከል፣ በእንጀራ ምጣዱ መቆሚያ ስር ነው። ኩሱ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ይመስላል። ብዙ ከሆነ ቦታው የሻገተ ዘይት ዓይነት ሽታ ያመጣል። ይህ በረሮ ከጎረቤት ካልተበተነ በቀር በእግሩ ከውጭ አይመጣም፤ በቢራ ሳጥን፣ በእንቁላል ካርቶን፣ በሽንኩርት ጆንያ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከተዘጋ ካፌ በርካሽ በተገዛ ያገለገለ ፍሪጅና የቡና ማሽን ተጭኖ ይገባል።

ትልቁ፣ የአሜሪካ በረሮ የሚሉት፣ ከ35 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ቀይ ቡናማ ነው፣ አንገቱ ላይ ቢጫ ጠርዝ አለው። የእሱ ቤት ወጥ ቤታችሁ ሳይሆን ከስር ያለው ማንሆል፣ ሴፕቲክ ታንክና የፍሳሽ ቱቦ ነው። ባህር ዳር ላይ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ሲበረታና ጉድጓዱ ሲሞላ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጣና ዳር ባሉ ዝቅተኛ ቦታዎች ይህ ይበልጥ ይታያል። እንቁላሉን በከረጢት ጥሎ ይሄዳል፤ ከረጢቱ 8 ሚሊ ሜትር የሚሆን ጥቁር ባቄላ መሰል ነገር ሲሆን 15 ገደማ እንቁላል ይይዛል። ለዚህኛው ወጥ ቤት ማስረጨት የተቀደደ ጣሪያ ስር ወለል እንደመወልወል ነው። የሚያስፈልገው የማንሆሉን ክዳን ዙሪያ መድፈን፣ ቱቦ ግድግዳ የሚበሳበትን ቀዳዳ በሲሚንቶ መሙላት፣ የወለሉን ፍሳሽ አፍ ጥቅጥቅ ባለ ወንፊት መሸፈን፣ ሳይፎኑ (ከመታጠቢያው ስር ውሃ ይዞ ከፍሳሹ የሚመጣውን የሚያግደው ጉብጥ ቱቦ) እንዳይደርቅ ደግሞ በማትጠቀሙበት መታጠቢያ ሁሉ በሳምንት አንድ ጊዜ ውሃ ማፍሰስ ነው። እንግዳ ያልገባበት የሆቴል ክፍል ሻወር ላይ ትልቅ በረሮ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ሳይፎኑ ስለደረቀ ነው። ይህ ስራ የቧንቧ ሰራተኛ ይፈልጋል፤ ረጪ አይፈልግም።

ሶስተኛ ዓይነትም አለ፤ ትንሽ ሆኖ ክንፉ ላይ ፈዘዝ ያሉ አግድም ቀበቶዎች ያሉት። ቢሮ ውስጥ፣ ከፍ ባለ መደርደሪያ፣ በቴሌቪዥንና በራውተር ውስጥ ካገኛችሁ እሱን ጠርጥሩ።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ራሳችሁ ፈትሹ። ወጥ ቤቱ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከተዘጋ መብራቱን አጥፍታችሁ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በባትሪ ግቡ። መብራት ሲበራ ወደየት እንደሮጡ እዩ፤ የሮጡበት ስንጥቅ ቤታቸው ነው። የፀጉር ማድረቂያ ሞቅ ያለ አየር ወደ ስንጥቁ ብትነፉ የተደበቁትም ይወጣሉ። ትንሹን በረሮ በቀን ብርሃን ወለል ላይ ካያችሁት መደበቂያው ሞልቶ ተርፏል ማለት ነው። ከዚያ ሙጫ ወረቀት ግዙ፤ ለመካከለኛ ወጥ ቤት 10 ወይም 12 ይበቃል። ከግድግዳ ጋር አስጠግታችሁ ጥግ ላይ አድርጉ፣ መሃል ወለል ላይ የተቀመጠ ምንም አይዝም። እያንዳንዱ ላይ ቁጥርና ቀን ጻፉ፣ ከሳምንት በኋላ ቆጥራችሁ መዝግቡ። ጫጩት የበዛበት ወረቀት ከመደበቂያው አጠገብ ነው፤ ጫጩት ከቤቱ ርቆ አይሄድም። የተያዙት በወረቀቱ አንድ ጎን ከበዙ የመጡበትን አቅጣጫ ነገሯችሁ። ይህ መዝገብ በኋላ ከሰራተኛው ጋር የምትከራከሩበት ብቸኛ ማስረጃ ስለሆነ ጠብቁት።

በመርጫው ውስጥ ያለውንም ጠይቁ። የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ የተቀዳ፣ ስም የሌለው ፈሳሽ ይዞ የመጣን ሰው ወጥ ቤት አታስገቡ። ማላታዮንና ዲዲቪፒ ለእህልና ለማሳ የሚሸጡ፣ ነርቭ የሚመቱ መርዞች ናቸው፤ ምጣድና ሳህን ላይ ሊያርፉ አይገባም። በፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 መሰረት ፀረ ተባይ ተመዝግቦ፣ መለያ ጽሁፍ ተለጥፎበት ነው መሸጥ ያለበት። ዋናውን ዕቃ ከነመለያው አሳዩን በሉ፤ በመለያው ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ ለምን ቦታ እንደተፈቀደና ጊዜው የሚያልፍበት ቀን መኖር አለበት። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

ጣና ዳር ላላችሁ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ፓይረትሮይድ ለዓሣ እጅግ መርዛማ ነው፣ በጥቂት መጠንም ይገድላል። የተረጨ ወለል በባልዲ ታጥቦ ወደ ቦይ ሲለቀቅ ቦዩ የሚወርደው ወደ ሐይቁ ነው። ቆሮሶውንና አምባዛውን ከዚያው አውጥተን ለእንግዳ እናቀርባለን።

ለትንሹ በረሮ የሚሰራው ጄል፣ ማለትም መርዝ የተቀላቀለበት ለስላሳ ማማለያ ምግብ ነው። ፊፕሮኒል፣ ኢሚዳክሎፕሪድ ወይም ኢንዶክሳካርብ የያዘ ጄል የምስር ፍሬ በሚያህል ጠብታ፣ ብዙ ቦታ፣ ሙጫ ወረቀቱ ባመለከተው ስንጥቅ አፍና ውስጥ ይደረጋል። አንድ ትልቅ ጉብታ ከማድረግ ሃያ ትንንሽ ጠብታ ይሻላል፤ ጫጩት ሩቅ ስለማይሄድ ምግቡ አጠገቡ መምጣት አለበት። የበላው ጉድጓዱ ገብቶ ሲሞት ሌሎቹ ኩሱንና ሬሳውን በልተው አብረው ይሞታሉ። ርጭት የማይደርስበት የሚደረሰው በዚህ መንገድ ነው። ጄል በተደረገበት ቦታ ፍሊት መንፋት ግን ሁሉን ያበላሻል፤ በረሮው ምግቡን ይሸሸዋል። የሚነድ ብረት ላይም አይደረግም፣ ይደርቃል። ጄሉ ከተበላ በ7ኛው ወይም በ10ኛው ቀን ይጨመራል። ጄሉ እንዳለ ተቀምጦ የሙጫ ወረቀቱ ቁጥር ካልቀነሰ የተለየ ማማለያ ምግብ ባለው ጄል ይቀየራል፤ በጄሉ ውስጥ ያለውን ጣፋጭ የሚሸሹ በረሮዎች አሉና። ከዚህ ጎን የሚያንጠባጥብ ቧንቧ መጠገን አለበት። ትንሹ በረሮ ምግብ ሳያገኝ ሳምንታት ይቆያል፣ ውሃ ሳያገኝ ግን ሁለት ሳምንት መዝለቅ ይከብደዋል። ስንጥቁ በሲሊኮን የሚደፈነው ቁጥሩ ከወረደ በኋላ ነው፤ ቀድሞ መድፈን ወደ ሌላ ስንጥቅ ይልካቸዋል።

ውል ስትዋዋሉ ቢያንስ ሶስት ጉብኝት ይጻፍ፦ መጀመሪያው፣ ከ2 ሳምንት በኋላ፣ ከ6 ሳምንት በኋላ። የክፍያው ግማሽ ወይም ሲሶ እስከ 8ኛው ሳምንት ቆጠራ ይቆይ። ዋስትናው ከ3 ወር ካነሰ ዋስትና አትበሉት። ሰራተኛው የሚጠቀምበት መድኃኒት ስም ውሉ ላይ ይስፈር። ብዙ ተከራይ ባለበት ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ብቻችሁን አትዋዋሉ፤ ከላይና ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ያሉት አብረው ካልተሰራላቸው ቱቦው የጋራ ስለሆነ ተመልሶ ይመጣል። የህንፃው ባለቤት የጋራ መተላለፊያውንና ማንሆሉን እንዲይዝ ጠይቁት።

ቀድሞውኑ የተረጨባችሁ ካላችሁ፣ በርና መስኮት ከፍታችሁ አናፍሱ፤ ሳይከደን ያደረውን ምግብ ሁሉ ጣሉ። ምግብ የሚነካውን ጠረጴዛና ዕቃ በሳሙና በተነከረ ጨርቅ ወልውሉ፣ ጨርቁን በፕላስቲክ አስራችሁ ከቆሻሻው ጋር አስወግዱ እንጂ ወለሉን በውሃ አጥለቅልቃችሁ ወደ ቦይ አትልቀቁ። ሰራተኛ ላይ ምራቅ መብዛት፣ ላብ፣ ማስመለስ፣ የዓይን ብሌን መጥበብ፣ የጡንቻ መንዘፍዘፍ ወይም ትንፋሽ ማጠር ከታየ ልብሱን አውልቃችሁ ገላውን በሳሙና አጥባችሁ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት። የመድኃኒቱን ዕቃ ወይም የመለያውን ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ ማርከሻውን የሚመርጠው በእሱ ነው።