«ኢኩዊቲ»ን አክሲዮን በሚያውቅ ዓይን ስናየው

«ኢኩዊቲ» በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 100 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ፣ ስለ ዎል ስትሪት (የኒው ዮርክ የገንዘብና የአክሲዮን ገበያ ሰፈር) የሚያወሳ ድራማ ነው። የሴቶች ፊልም መባሉ ትክክል ነው፤ ሦስቱ ዋና ገጸ ባሕርያት፣ ዳይሬክተሯ ሚራ ሜነንና ጸሐፊዋ ኤሚ ፎክስ ሁሉም ሴቶች ናቸው። በባንክና በሒሳብ ሥራ ላሉ የደብረ ብርሃን ሰዎች እንዲያዩት የምንመክረው ግን በሌላ ምክንያት ነው። የአክሲዮን ዋጋ በማን ግፊት እንደሚቆረጥ ይህን ያህል ቀርቦ የሚያሳይ ፊልም ጥቂት ነው።

ናኦሚ ቢሾፕ (አና ገን) ኢንቨስትመንት ባንከር ናት፤ የኩባንያዎችን አክሲዮን ለገዢዎች ታሸጣለች። ያለፈው የአክሲዮን ሽያጭ ስለተበላሸባት እድገቷ ታልፏል። አሁን ካሼ የተባለን የቴክኖሎጂ ኩባንያ ወደ ገበያ ታወጣለች፤ ማለትም አክሲዮኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ይሸጣል። ምክትሏ ኤሪን (ሣራ ሜጋን ቶማስ) እርግዝናዋን ደብቃ እድገት ትጠብቃለች፤ ዐቃቤ ሕጓ ሳማንታ (አሊሲያ ራይነር) ደግሞ የናኦሚን ፍቅረኛ በውስጥ መረጃ ንግድ (ለሕዝብ ያልወጣ ምስጢር ይዞ አክሲዮን በመነገድ) ጠርጥራ ትከታተላለች።

እኛ ዘንድ አዲስ አክሲዮን በተለምዶ የሚሸጠው ባንክ ቤት ፎርም ተሞልቶ፣ አስቀድሞ በተቆረጠ ዋጋ ነው። ሐበሻ ቢራ እዚሁ ከተማ ሲተከል አክሲዮን የገዛ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። የኢትዮ ቴሌኮምም በ2017 ዓ.ም. የተሸጠው በቴሌብር ቢሆንም ዋጋው እንዲሁ የተቆረጠ ነበር፤ አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን። በፊልሙ ያለው አሠራር ሌላ ነው። ባንኩ መጀመሪያ የዋጋ ክልል ያወጣል፤ ከ20 እስከ 23 ዶላር እንበል። ከዚያ የኩባንያው ኃላፊዎች ከትልልቅ ገዢዎች ጋር እየተገናኙ ያስተዋውቃሉ፣ ባንኩም ማን በስንት ምን ያህል እንደሚገዛ ይመዘግባል። የመጨረሻው ዋጋ የሚቆረጠው ንግዱ ሊከፈት ሰዓታት ሲቀሩት ነው። 10 ሚሊዮን አክሲዮን የሚሸጥ ከሆነ አንድ ዶላር መጨመር ለሻጩ 10 ሚሊዮን ዶላር ነው። ስለዚህ ኩባንያው ወደ ላይ፣ ገዢው ወደ ታች ይጎትታል። ባንኩ መሐል የተያዘው ኮሚሽኑን ከሻጩ እየወሰደ ለሚቀጥለው ሥራ እነዚያኑ ገዢዎች ስለሚፈልግ ነው። የናኦሚ ጭንቀት ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

የዋጋ ስህተቱም የሚታየው በተለያየ ቦታ ነው። ዋጋው እንደ እኛ አስቀድሞ የተቆረጠ ሲሆን ያልተሸጠ አክሲዮን ይተርፋል፤ ከኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህሉ ነበር። በፊልሙ አሠራር ግን ሁሉም አስቀድሞ ይሸጥና፣ ዋጋው ተጋኖ ከሆነ ውርደቱ ገበያው በተከፈተ ማግስት ሳይሆን በደቂቃዎች ውስጥ በገበያው የዋጋ ሰሌዳ ላይ ይወጣል።

ካሼ የሚሸጠው የተጠቃሚዎችን ምስጢር መጠበቅ ነው፤ በፊልሙ የሚሰማው ወሬ ደግሞ የኩባንያው የኮምፒውተር ሥርዓት ሊሰበር ይችላል የሚል ነው። ይህ ተራ ሐሜት አይደለም፣ የኩባንያው ዋጋ የቆመበት መሠረት ነው። እንዲህ ያለ ነገር የሰማ ባንክ በኩባንያው ላይ ያደረገውን ምርመራ እንደገና ከፍቶ፣ እውነት ሆኖ ካገኘው በፕሮስፔክተሱ (ለገዢዎች በሚቀርበው የኩባንያው መግለጫ) ውስጥ ማስገባት፣ ካስፈለገም ሽያጩን ማቆየት አለበት። ፊልሙ ለዚህ ደረጃ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው፤ ትልቁ ድክመቱም ይኸው ይመስለናል። ቶሎ ወደ ናኦሚ ፍቅረኛ ይሮጣል። የውስጥ መረጃ አወጣጡን ግን አሳምሮ ይዞታል፦ ሰነድ የሚሰርቅ የለም፤ ከአልጋ አጠገብ፣ ከመጠጥ ጠረጴዛ፣ ቅር ካለው ባልደረባ አፍ ቁርጥራጩ ይለቀማል።

ናኦሚ ቸኮሌቱ ባነሰ ኩኪስ ሰበብ የምትቆጣበት ትዕይንት ተጋነነ የሚሉ አሉ። አልተጋነነም፤ የዋጋ ቆረጣ ሳምንት የሚያመጣው ቁጣ በትንሽ ነገር ነው የሚፈነዳው። ከፊልሙ ገንዘብ አቅራቢዎች መካከል ራሳቸው ዎል ስትሪት የሠሩ ሴቶች መኖራቸው እንዲህ ባለው ዝርዝር ያስታውቃል። የዐቃቤ ሕጓ ክፍል ግን ስስ ነው፤ መዝገቡ እንዴት እንደተገነባ አይታይም።

ከጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፍቷልና፣ የአካውንቲንግ ተማሪዎችን ሰብስቦ ለማሳየት ይሆናል። እንግሊዝኛው ፈጣንና በሙያ ቃል የተሞላ ስለሆነ ከላይ ያለውን የዋጋ አቆራረጥ አስቀድሞ በሰሌዳ ላይ ማስረዳት፣ ዋጋ የሚቆረጥበት ትዕይንት ላይም አቁሞ «እናንተ ብትሆኑ ስንት ትሉ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል። ስድብ ይበዛበታል፤ ከልጆች ጋር አይታይም።